የታናግራ ሴቶች ልብስ ምን ቀለም ነበረው?

ባለፈው እትማችን ስለ ጥንታዊት ግሪክ የሸክላ ምስሎች አጭር ጽሑፍ ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር አውጥተን ነበር። ፎቶግራፉ የሚያሳየው መጎናጸፊያዋን ተከናንባ የቆመች፣ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ሴት ሲሆን፣ በግርጌው «ሰማያዊና ሮዝ ቀለም የተቀባች የታናግራ ምስል» የሚል መግለጫ ሰፍሮበታል። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ይህን መግለጫ የተጠራጠሩ ናቸው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። ከደብዳቤዎቹ ሰባቱን መርጠን እንደሚከተለው መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ በፎቶግራፉ ላይ እኔ ያየሁት የአፈር መልክ ያለው ሸክላና እዚህም እዚያም የተረፈ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሰማያዊውና ሮዙ የት ሄደ? ወይስ ጸሐፊው በግምት ነው የጻፈው?
መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጸሐፊው በግምት አልጻፈም። ሆኖም መግለጫው የሚናገረው ምስሏ በተሠራችበት ዘመን ስለነበራት መልክ እንጂ ዛሬ ስላላት መልክ አለመሆኑን በግልጽ ማስፈር ነበረብንና ስሕተቱ የእኛ ነው።

ታናግራ ከአቴና በስተሰሜን በቦዮቲያ የነበረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢው ሰዎች በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ጥንታዊ መቃብሮች እየከፈቱ ያገኟቸውን ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ለነጋዴዎች መሸጥ ጀመሩ፤ የግሪክ የአርኪዮሎጂ ማኅበር ሥርዓት ያለው ቁፋሮ ሲጀምር እጅግ ብዙ መቃብር አስቀድሞ ተዘርፎ ነበር። ምስሎቹ የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ330 ግድም እስከ 200 ግድም ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ የሚበዙትም የተከናነቡ ሴቶችን፣ ልጃገረዶችንና ሕፃናትን የሚያሳዩ ናቸው። ስማቸው የታናግራ ይሁን እንጂ ዓይነቱ የተጀመረው በአቴና እንደሆነ ይታመናል፤ በእስክንድርያ መቃብሮችና ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ባለችው በሚሪና ተመሳሳይ ምስሎች ተገኝተዋል።

ቀለሙ የጠፋበት ምክንያት ከአሠራሩ ይጀምራል። ሠሪው በሁለት ቅርጽ ማውጫዎች፣ በአንዱ የፊቷን በሌላው የጀርባዋን ግማሽ፣ ስስ አድርጎ እየጠፈጠፈ ያወጣና ሁለቱን በቀጭን ጭቃ ያጋጥማቸዋል። ራሷንና ክንዶቿን ብዙ ጊዜ ለብቻ ሠርቶ ይቀጥላል፤ በጀርባዋም በእሳት ጊዜ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋል። ከዚያም በነጭ አፈር ብጥብጥ ለብጦ፣ በደንብ ከደረቀች በኋላ ይተኩሳታል። ሌሎቹ ቀለማት የሚቀቡት ምስሏ ከምድጃ ወጥታ ከቀዘቀዘች በኋላ ነው፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። በግሪክ እንስራዎችና ዋንጫዎች ላይ የምናየው የሚያብለጨልጭ ጥቁር መልክ ብረት የበዛበት ስስ ጭቃ ተቀብቶ፣ የምድጃው አየር ሲዘጋና ሲከፈት በእሳት የተፈጠረ ነው፤ ከሸክላው ጋር አንድ አካል ስለሆነ 2,500 ዓመት ተቀብሮ ቢወጣም አይለቅም። የታናግራ ሴቶች ሰማያዊና ሮዝ ግን ከእንቁላል፣ ከሙጫ ወይም ይህን ከመሰለ ማጣበቂያ ጋር ተለውሶ የተቀባ ስለነበረ፣ ማጣበቂያውን እርጥበትና ተሕዋስያን ሲበሉት የቀለሙ ዱቄት የሚይዘው አጥቶ ረግፏል። መቃብር ውስጥ የተረፈውንም ቆፋሪውና ነጋዴው ምስሉን «ለማሳመር» በብሩሽና በውኃ እያሹ አጥበውታል።

ታዲያ ሠሪው ለምን ከእሳት በፊት አልቀባውም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቢቀባው ኖሮ ቢጫው አፈር ወደ ቀይነት ይለወጥበት፣ ከተክል ሥር የተገኘው ሮዝ ይቃጠልበት፣ ከባዜቃና ከድኝ የተዋሐደው ደማቅ ቀይም ተንኖ ይጠፋበት ነበር። ከስንት አንድ ግን ቀለሟ ሳይለቅ የምትገኝ አትጠፋም። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለችውና «ሰማያዊ ለባሿ እመቤት» ተብላ የምትታወቀው ምስል መጎናጸፊያዋ ዛሬም ሰማያዊ ነው፤ የወርቅ ልባጥ ቅሪትም አለባት። ሌሎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር ለመገመት እርሷን ማየት ይጠቅማል፤ ለማረጋገጥ ግን አይበቃም፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙ በዓይን የማይታይ ከሆነ ሳይንቲስቶች ምን አይተው ነው ሰማያዊ ነበር የሚሉት? ምስሉን ፍቀው ዱቄት ሳይወስዱ እንዴት ይቻላል?
የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከሰማያዊው እንጀምር፤ ከቀለማቱ ሁሉ ራሱን በቀላሉ የሚያጋልጠው እርሱ ነውና። በእነዚህ ምስሎች ላይ በብዛት የሚገኘው «የግብፅ ሰማያዊ» የሚባለው ሲሆን፣ የሰው እጅ በእሳት ያዘጋጀው ነው እንጂ ከመሬት የተቆፈረ ድንጋይ አይደለም። አሸዋ፣ ኖራና መዳብ ያለበት ነገር ማቅለጫ ከሚሆን ጨው ጋር ተፈጭተው ከ850 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ሲቆዩ ካልሲየም መዳብ ሲሊኬት የተባለ ሰማያዊ ክሪስታል ይወጣቸዋል። ግብፃውያን ከ4,500 ዓመታት በፊት ጀምሮ ይሠሩት ነበር። የአርስቶትል ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ ስለ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ ሰው ሠራሽ ሰማያዊ በግብፅ እንደሚዘጋጅ ጠቅሷል፤ ጸሐፊው የኖረው የታናግራ ምስሎች በሚሠሩበት ዘመን ስለሆነ ቃሉ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው።

ይህ ክሪስታል እንግዳ ጠባይ አለው። በዓይን የሚታይ ብርሃን፣ በተለይም ቀዩ፣ ሲያርፍበት ይውጠውና 910 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት መልሶ ያበራል። የእኛ ዓይን ከ700 ናኖሜትር ብዙም አልፎ ስለማያይ ያ ብርሃን ለእኛ የለም፤ ለካሜራ ግን አለ። ባለሙያው ከተራ ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ኢንፍራሬድ ጨረርን የሚያግደውን ማጣሪያ ያስወጣና በሌንሱ ፊት የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ሌላ ማጣሪያ ያደርግበታል። ከዚያም በጨለማ ክፍል ውስጥ በምስሏ ላይ ኢንፍራሬድ የሌለበትን የኤልኢዲ መብራት ያበራል። በሚገኘው ፎቶግራፍ ሁሉም ነገር ጠቁሮ፣ የግብፅ ሰማያዊ ያለበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ያበራል። በመጎናጸፊያዋ እጥፋት ሥር የተሸሸገች አንዲት ቅንጣት፣ በዓይን ብትፈለግ የማትገኘዋ፣ በዚህ ዘዴ ነጥራ ትወጣለች። ዘዴውን ለቅርስ ጥናት ካስተዋወቁት አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆቫኒ ቬሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአቴና ካለው ከፓርተኖን ቤተ መቅደስ በተወሰደችው፣ የአማልክት መልእክተኛ በነበረችው የኢሪስ ሐውልት መታጠቂያ ላይ፣ ለዘመናት ባዶ እብነ በረድ ሲባል በኖረው ላይ፣ የግብፅ ሰማያዊ ቅሪት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ተማሪው እንዳሰበው መፋቅ አላስፈለገም፤ እጅም አልነካውም። ይህ ዘዴ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም «የግብፅ ሰማያዊ እዚህ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ለቀዩ፣ ለቢጫውና ለአረንጓዴው ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። በእጅ የሚያዝ፣ ራጅ እየላከ ከቀለሙ ተመልሶ በሚወጣው ጨረር በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለይ መሣሪያ አለ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «እዚህ ቦታ መዳብ አለ፤ እዚህ ባዜቃ፤ እዚህ እርሳስ» ይላል። በመጽሔትና በጋዜጣ የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ ሊመስለው ይችላል፤ ችግሩ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንጥረ ነገር ማለት ቀለም ማለት አይደለም። መዳብ የግብፅ ሰማያዊ ውስጥም፣ ማላካይት በተባለው አረንጓዴ ድንጋይ ውስጥም ይገኛል። እርሳስ ነጭ ቀለም ውስጥም፣ ብርቱካናማ ቀይ ቀለም ውስጥም አለ። ብረትማ ከሁሉ ይብሳል፤ ሸክላው ራሱ በብረት የተሞላ ስለሆነ፣ ራጁ ስሱን ቀለም አልፎ የሥሩን ሸክላ ሲያነብ በምስሏ ገላ ሁሉ ላይ ቀይ አፈር የተቀባ ይመስላል። የመቃብሩም አፈር የራሱን ይጨምርበታል።

ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ማዕድኑን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚጠቅመው በሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ በቻንድራሴካራ ራማን ስም የሚጠራው ዘዴ ሲሆን፣ ራማን ብርሃን በሞለኪዩሎች ላይ ሲያርፍ ጥቂቱ ሞገዱን ለውጦ እንደሚበተን እ.ኤ.አ. በ1928 አሳይቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ደካማ ሌዘር በቀለሙ ቅንጣት ላይ ይነጣጠርና የተበተነው ብርሃን ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ የመንቀጥቀጥ ምልክት ስላለው ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ይሁን የባዜቃ ሰልፋይድ ይለያል። ይህም ቢሆን እንከን አለው፤ ከተክል የተሠሩ ቀለማት በሌዘሩ ራሳቸው ስለሚያበሩ ምልክቱን ይሸፍኑታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄ ከቀረ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ከተሰነጠቀ ጠርዝ የሚነሣ ፍርፋሪ ነው። ግልጽ በሆነ ሰው ሠራሽ ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ጎኑ ሲለሰልስ የቀለሙ ድርብርብ በማይክሮስኮፕ እንደ እንጀራ ቁልል ጎን ይታያል፤ ከታች ሸክላው፣ በላዩ ነጩ ልባጥ፣ ከዚያም ቀለሙ፤ አንዳንዴም በቀለሙ ላይ ሁለተኛ ቀለም። የሰማያዊውም ቅንጣት መጠን በዚህ ይታወቃል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ የግብፅ ሰማያዊ ሻካራ ሆኖ ሲፈጭ ጥልቅ፣ ሲደቅ ግን የገረጣ ስለሆነ፣ ሠሪው በአንድ ዕቃ ብቻ የተለያየ ሰማያዊ ማግኘት ይችል ነበር። እኔ በበኩሌ በአንድ መሣሪያ ንባብ ብቻ ተመሥርቶ «ቀሚሷ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ሳነብ ገጹን ገልጬ ናሙና ተወስዶ እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ በሉቭር ያለችው ምስል ወርቅ እንዳላት አንብቤ ነበር። እውነተኛ ወርቅ ነው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አዎን፤ በነዚህ ምስሎች ላይ የሚገኘው የወርቅ ልባጥ በስሱ የተቀጠቀጠ እውነተኛ ወርቅ ነው። ውድ ስለነበረ ጥቂት ምስሎች ላይ ብቻ፣ እነርሱም ላይ በጆሮ ጌጥ፣ በዘውድ ወይም በልብስ ጠርዝ ይገኛል፤ በሌሎቹ ላይ ጌጡ በቢጫ አፈር ብቻ የተቀባ ነው።

ጥያቄ፦ ሮዙ ቀለም ከተክል ሥር የተሠራ ነው ብላችኋል። የተክል ቀለም በጨርቅ ላይ እንኳ ይለቃል፤ በሸክላ ላይ እንዴት ቆየ?
የባሕል ልብስ ሠሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ጥያቄዎ ሙያዎን ያሳያል። ተክሉ ማደር የሚባለው ሲሆን፣ ሥሩ አሊዛሪንና ፑርፑሪን የተባሉ ቀይ ማቅለሚያዎችን ይዟል። ሥሩ ተቀቅሎ የሚገኘው ቀይ ውኃ በልብስ ላይ እንጂ በምስል ላይ ሊቀባ አይችልም፤ ዱቄት መሆን አለበት። ስለዚህ እርስዎ ቀለሙ ጨርቁን እንዲይዝ ሾብ እንደሚጨምሩት ሁሉ፣ የጥንቱ ቀለም ሠሪም ሾብ ወይም ሌላ አሉሚንየም ያለበት ነገር ወደ ቀዩ ውኃ ይጨምር ነበር፤ ማቅለሚያው ከዚያ ነጭ ዱቄት ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ሲጠልና ሲደርቅ ሮዝ የቀለም ዱቄት ይሆናል።

ቆየ ለማለት ግን ያስቸግራል። ማደር ብርሃን ስለሚያገረጣው፣ የተረፈው መቃብሩ ጨለማ ስለነበረ ነው፤ ሙዚየሞች ምስሎቹን በደብዛዛ መብራት የሚያሳዩትም ስለዚህ ነው። በዓይን ነጭ የሚመስል ቦታ በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ወደ ብርቱካናማ በሚያደላ ሮዝ ብርሃን ይፈካል፤ የማደር ቅሪት በዚህ ይጠረጠራል። ይጠረጠራል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አሮጌ ማጣበቂያና የጠጋኝ ሙጫም በዚሁ መብራት ያበራሉና። ርግጠኛ ለመሆን ከዱቄቱ እጅግ ጥቂት ተወስዶ በውስጡ ያሉት ማቅለሚያዎች በላቦራቶሪ አንድ በአንድ እየተነጠሉ ይለያሉ።

ቀለም ቀቢዎቹ ሮዙን ለብቻው ብቻ አልተጠቀሙበትም። ከግብፅ ሰማያዊ ጋር ሲቀላቅሉት ሐምራዊ ይወጣላቸው ነበር፤ እውነተኛው ሐምራዊ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚገኝ፣ ዋጋው የማይቀመስ ስለነበረ ይህ ቅልቅል ብልህ መፍትሔ ነው። ቅልቅሉ ለመርማሪው ደስ የሚል እንቆቅልሽ ይሆናል፤ ዛሬ ሮዙ ገርጥቶ ሰማያዊው ብቻ ስለሚታይ፣ አንድ ጊዜ ሐምራዊ የነበረ ልብስ ሰማያዊ ነበር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ በእኛም አካባቢ ቀይ አፈር ለቀለም ያገለግላል። የግሪኮቹ ቀይ ከዚህ ይለያል?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አንደኛው ቀይ አይለይም። ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገው ሄማታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ፣ በቀላል ቋንቋ የዝገት ዘመድ፣ ነው፤ በታናግራ ሴቶች ፀጉርና ከንፈር ላይም የሚገኘው ይኸው ነው። ብርሃንም ጊዜም አይለውጠውም። እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ አቅራቢያ ካለው ከፖርክ ኤፒክ ዋሻ 4,213 የቀይና የቢጫ አፈር ስብርባሪዎች፣ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ተሰብስበዋል፤ ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ያህል ይገመታል። ግሪካዊው ሠሪ የያዘው ዕቃ እንግዲህ በሰው እጅ እጅግ የቆየ ነበር።

ሁለተኛው ቀይ ግን ሌላ ነው። ሲናባር የሚባለው ደማቅ ቀይ የባዜቃና የድኝ ውሕድ ሲሆን፣ ከተወሰኑ ቦታዎች ብቻ የሚገኝና ውድ ነበር። ቴዎፍራስጦስ ስለዚህ ቀለም ደስ የሚል ታሪክ ይነግረናል፦ በብር ማዕድን የሚሠራ ካልያስ የተባለ አቴናዊ የሚያብለጨልጭ ቀይ አሸዋ አይቶ ወርቅ ያለበት መስሎት ሰብስቦ ሲያጥበው ወርቅ አላገኘም፤ የአሸዋው መልክ ግን ስላማረው ቀለሙን የማዘጋጀቱን ዘዴ እርሱ ጀመረ። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ቀለሙ በአጠባ እየተጣራ ይዘጋጅ እንደነበር ያስረዳል። በምስል ላይ ሲናባርን መለየት ከሌሎቹ ይቀላል፤ ራጁ ባዜቃ ካነበበ ሌላ የሚጠረጠር ቀለም ብዙም የለምና።

ጥያቄ፦ በምኖርበት ከተማ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የታናግራ ምስል አይቼ በጣም ወደድኳት። መግለጫዋን ሳነብ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጅ» ይላል። እንዴት ደረሱበት? ሐሰተኛ መሆኗን ካወቁስ ለምን ያሳዩአታል?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ምስሎቹ በ1870ዎቹ ገበያ ላይ ሲወጡ በፓሪስ፣ በበርሊንና በለንደን እብደት የሚያህል ፍቅር ፈጠሩ። የዘመኑ ሰው ግሪክን በትላልቅ ነጭ አማልክት ብቻ ሲያውቅ ኖሮ ድንገት ማራገቢያ የያዘች፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ሲያይ ጎረቤቱን ያገኘ ያህል ደስ አለው። ፈረንሳዊው ዣን ሌዎን ዤሮም እ.ኤ.አ. በ1890 «ታናግራ» ብሎ የሰየማትን ሐውልት ከእብነ በረድ ቀርጾ ቀለም ቀብቷታል። ፈላጊ ሲበዛና መቃብር ሲያልቅ ሐሰተኛ ሠሪ ይነሣል፤ ተነሣም። የእነርሱ ምስሎች ከጥንቶቹ ይልቅ የዚያን ዘመን ገዢ ፍላጎት የሚያረኩ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከጥንቶቹ የበለጠ «ያምራሉ»፤ ስለዚህ እርስዎ ብቻዎን አይደሉም፤ ብዙ ሊቃውንትም ወደዋቸው ገዝተዋቸዋል።

የሚጋለጡበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሸክላውን ይጠይቃል። በሸክላ ውስጥ ያሉት የኳርትዝ ቅንጣቶች ከአካባቢያቸው የሚመጣውን ጥቂት ተፈጥሯዊ ጨረር በየዓመቱ ያጠራቅማሉ፤ ሸክላው ሲተኮስ የተጠራቀመው ሁሉ ወጥቶ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በላቦራቶሪ ጥቂት ዱቄት ሲሞቅ የተጠራቀመው ኃይል ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃኑ ብዙ ከሆነ ሸክላው ጥንታዊ፣ እጅግ ጥቂት ከሆነ የትናንት ነው። ይህም ብልጠት ያሸንፈዋል፤ ሐሰተኛ ሠሪው ከእውነተኛ ምስሎች ስብርባሪ አንዱን ገላ ከሌላው ራስ ጋር ቀጥሎ ከሆነ፣ ዱቄቱ ከገላ ሲወሰድ እውነተኛ፣ ከራስ ሲወሰድም እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ መገጣጠሙ ላይ ብቻ ነው። ደግሞም ምስሉ ቀድሞ በኃይለኛ ራጅ ከተነሣ ጨረሩ ቆጠራውን ስለሚያዛባው ዱቄቱ አስቀድሞ ቢወሰድ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ቀለሙን ይጠይቃል፤ ለእኔ የበለጠ የሚጥመኝም እርሱ ነው፤ ብዙ ቀለማት የልደት ቀን አላቸውና። የፕሩስያ ሰማያዊ የሚባለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን የተገኘ ነው። አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ ሰው ሠራሹ ዓይነት ከ1820ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ቲታንየም ያለበት ነጭ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከእነዚህ አንዱ በ«ጥንታዊት» ሴት ልብስ ላይ ከተገኘ ቀቢው ግሪካዊ አይደለም። ማደርም ምስክር ሊሆን ይችላል፦ አሊዛሪን በላቦራቶሪ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1868፣ መቃብሮቹ ሊዘረፉ ጥቂት ሲቀራቸው ስለሆነ፣ ከሥሩ ጋር አብሮት መገኘት የሚገባው ፑርፑሪን ሳይኖር አሊዛሪን ለብቻው የተገኘበት ሮዝ ያጠራጥራል። ግን ፍርዱ እዚህም መቸኮል የለበትም። ጥንታዊትን ምስል ነጋዴው ዋጋዋን ለመጨመር በአዲስ ቀለም ያደሰበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ሐሰተኛው ቀለሙ ብቻ እንጂ ሴቲቱ አይደለችም። አዲሱ ቀለም ከጥንቱ በላይ መሆኑን ወይም ራሱ በባዶ ሸክላ ላይ ያረፈ መሆኑን የሚነግረን ቀደም ሲል የጠቀስነው የድርብርቡ ጎን ነው።

ለምን ያሳዩአታል ላሉት፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ግሪክን እንዴት ማየት እንደፈለገ ከእርሷ የተሻለ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነው። ሉቭር እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ታናግራ ባዘጋጀው ትልቅ ዐውደ ርእይም እውነቱና ተረቱ ጎን ለጎን ቀርበው ነበር።

ጥያቄ፦ ለልምምድ በምሳተፍበት ቁፋሮ ሸክላ ሲገኝ ወዲያውኑ ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣል። የቀለም ቅሪት ያለበት ቢሆንስ ምን ማድረግ ይገባል?
የአርኪዮሎጂ ተማሪ፣ ከመቀሌ

መልስ፦ አብዛኛው ስብርባሪ ሊታጠብ ይችላል፤ ችግሩ የቱ እንደማይታጠብ የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመቃብር የወጣ፣ ነጭ ልባጥ ያለው ወይም በአፈሩ ላይ ጥቂት እንኳ ቀለም የታየበት ሸክላ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ውኃም ብሩሽም አይንካው። ማጣበቂያውን ያጣ ቀለም ብዙ ጊዜ ከሸክላው ይልቅ በላዩ ለደረቀው አፈር ይጣበቃልና አፈሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ከመሬት እርጥብ ሆኖ ከወጣ በፀሐይ ድንገት ማድረቅ ቀለሙን ያስነጥቀዋል፤ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከማንኛውም ንክኪ በፊት በተፈጥሮ ብርሃን፣ የቀለም መለኪያ ካርድ አጠገቡ ተደርጎ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዳንድ ቀለም አፈር ውስጥ በወጣበት ሰዓት የነበረውን ድምቀት በማግሥቱ አይደግመውምና። ማጠንከሪያ ሙጫ ለመቀባት አይቸኩሉ፤ በኋላ የጥንቱን ማጣበቂያ የሚፈልገው ኬሚስት የእርስዎን ሙጫ ያገኛል። ጥገናው የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ሥራ ሲሆን፣ እርሱም አፈሩን በማይክሮስኮፕ ሥር በስለት ጫፍ ጥቂት በጥቂት ያነሣዋል። ከምስሉ የረገፈውም አፈር አይደፋ፤ በከረጢት ተደርጎ፣ የምስሉ መለያ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከምስሉ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።